ያሰሉት አይገንቫልዩ ስንት አኃዙ ትክክል ነው? የስሕተት ግምት አሠራር ደረጃ በደረጃ

የአይገንቫልዩ ችግርን (ማትሪክስ ወይም ዲፈረንሻል እኩልታ አንድን ቬክተር ወይም ፈንክሽን ቅርጹን ሳይለውጥ የሚያባዛበትን ቁጥር የመፈለግ ችግር) ቦታውን በትናንሽ ክፍሎች በሚከፍሉት በፋይናይት ኤለመንት ወይም በፋይናይት ዲፈረንስ ዘዴ የሚፈቱ ተማሪዎችና መሐንዲሶች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ «ሶልቨሩ (ማትሪክሱን የሚፈታው ፕሮግራም) ቅሪቱ (መልሱ በእኩልታው ውስጥ ሲገባ የሚተርፈው ልዩነት) ከ10⁻¹² በታች ነው ብሎኛል፤ ታዲያ ያገኘሁት ቁጥር እስከ አሥራ ሁለተኛው አኃዝ ድረስ ትክክል ነው ማለት ነው?» መልሱ አይደለም ነው። ያ ቅሪት የሚናገረው ማትሪክሱ ምን ያህል በጥንቃቄ እንደተፈታ ብቻ ነው። ማትሪክሱ ራሱ የመነሻውን ዲፈረንሻል እኩልታ ምን ያህል ይወክላል ለሚለው ምንም መልስ አይሰጥም። በብዙ ሥራዎች ላይ ቅሪቱ 10⁻¹² ሆኖ ሳለ ትክክል የሆኑት አኃዞች ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው።

ከታች ያለው አሠራር የእርስዎ ቁጥር ስንት አኃዙ እንደሚታመን ለማወቅ የሚረዳ ነው። በሥራው ሁሉ ሦስት ስሕተቶችን ለይተው መያዝ ይኖርብዎታል፤ እነርሱም ዲፈረንሻል እኩልታውን በማትሪክስ ስንተካ የሚመጣው የመረብ ስሕተት (መረብ ማለት ቦታው የተከፈለባቸው ትናንሽ ክፍሎች ስብስብ ነው)፣ ማትሪክሱን ሙሉ በሙሉ ሳንፈታ በማቆማችን የሚቀረው የሶልቨር ስሕተት፣ እና ኮምፒውተሩ ቁጥርን በውስን አኃዝ በመያዙ የሚፈጠረው የማጠጋጊያ ስሕተት ናቸው።

በቀመሮቹ ውስጥ «ዋ» አይገንቫልዩውን፣ «ር» የአንዱን ኤለመንት ርዝመት ወይም የመረቡን ርምጃ፣ «ቅ» የቅሪቱን ኖርም (መጠን)፣ «ክ» ደግሞ በአይገንቫልዩው እና በቅርብ ጎረቤቱ መካከል ያለውን ክፍተት ያመለክታሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• የችግሩ ሙሉ መግለጫ፦ እኩልታው፣ የቦታው ቅርጽ እና የድንበር ሁኔታዎቹ።
• ስቲፍነስ ማትሪክሱን (ከፈንክሽኖቹ ዲሪቬቲቮች የሚሠራውን) እና ማስ ማትሪክሱን (ከፈንክሽኖቹ ከራሳቸው የሚሠራውን) ለየብቻ አውጥቶ የሚሰጥ ፕሮግራም። ሁለቱን አዋሕዶ ብቻ የሚያቀርብ ፕሮግራም ለሦስተኛው ደረጃ አያገለግልም።
• አይገንቫልዩውን ብቻ ሳይሆን አይገንቬክተሩንም (ከአይገንቫልዩው ጋር የሚሄደውን ቬክተር) የሚመልስ፣ የማቆሚያ ወሰኑንም እርስዎ የሚወስኑለት ሶልቨር።
• እያንዳንዱ የቀደመውን ኤለመንት በግማሽ በማሳጠር የተሠራ ቢያንስ ሦስት መረብ፤ አራት ቢሆን ይመረጣል።
• መልሱ በቀመር የሚታወቅ፣ ከእርስዎ ችግር ጋር የሚቀራረብ መለማመጃ ችግር።
• እያንዳንዱን ውጤት ቢያንስ በስምንት አኃዝ የሚመዘግቡበት ሠንጠረዥ። አኃዞቹን ቀድሞ ማሳጠር በአራተኛው ደረጃ የሚፈለገውን ልዩነት ያጠፋዋል።

አሠራሩ

1. ስሌት ከመጀመርዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ይወስኑ።

አንደኛ፣ ችግሩ ሲሜትሪክ ነው ወይስ አይደለም? ሁለተኛ፣ የሚፈልጉት አይገንቫልዩ ነጠላ ነው ወይስ ተደጋጋሚ ወይም ከጎረቤቱ ጋር የተጠጋ? ሦስተኛ፣ አይገንፈንክሽኑ (በዲፈረንሻል እኩልታው ላይ የአይገንቬክተሩ አቻ) በሁሉም ቦታ ለስላሳ ነው ወይስ በወደ ውስጥ የገባ ማዕዘን፣ በስንጥቅ ወይም ሁለት የተለያዩ ቁሶች በሚገናኙበት መሥመር ላይ ይሰበራል? ይህን ቀድሞ መወሰን የሚያስፈልገው ቀጥለው የሚመጡት ቀመሮች ሁሉ በእነዚህ መልሶች ላይ ስለሚቆሙ ነው። ለሲሜትሪክ ችግር የተረጋገጠ ወሰን ሲሜትሪክ ባልሆነው ላይ ቢሠራበት፣ የሚያስተማምን የሚመስል ነገር ግን ባዶ የሆነ ቁጥር ይሰጣል።

2. ፕሮግራሙን መልሱ በሚታወቅ ችግር ላይ ይፈትኑት።

ርዝመቱ 1 የሆነ፣ በሁለቱም ጫፎቹ የታሰረ ክር ይውሰዱ። እኩልታው የፈንክሽኑ ሁለተኛ ዲሪቬቲቭ አሉታዊ «ዋ» ጊዜ ፈንክሽኑን ይሆናል የሚል ነው፤ አይገንቫልዩዎቹም ፓይ²፣ 4ፓይ²፣ 9ፓይ² እያሉ ይቀጥላሉ። የመጀመሪያው 9.869604 ነው። በአንደኛ ዲግሪ ኤለመንቶችና በሙሉ ማስ ማትሪክስ ሲፈቱት የሚከተሉትን ቁጥሮች ማግኘት አለብዎ፦

በ4 ኤለመንት 10.386642፣ ስሕተቱ +0.517038
በ8 ኤለመንት 9.997081፣ ስሕተቱ +0.127476
በ16 ኤለመንት 9.901354፣ ስሕተቱ +0.031749
በ32 ኤለመንት 9.877534፣ ስሕተቱ +0.007930

ይህንኑ ችግር በመደበኛው ባለ ሦስት ነጥብ ፋይናይት ዲፈረንስ ሲፈቱ ደግሞ በ4 ክፍል 9.372583፣ በ8 ክፍል 9.743420፣ በ16 ክፍል 9.837936 ይወጣል። ሁለቱ ዘዴዎች መጠኑ ተቀራራቢ የሆነ ስሕተት ይሠራሉ፤ አንዱ ግን ከላይ፣ ሌላው ከታች ነው። በሁለቱም ዘንድ የስሕተቱ ዋና ክፍል ዋ² × ር² ÷ 12 ስለሆነ ርምጃው በግማሽ ሲያጥር ስሕተቱ በአራት ይከፈላል። የእርስዎ ፕሮግራም እነዚህን ቁጥሮች እስከ መጨረሻው አኃዝ ካልሰጠ፣ ስሕተቱ የዘዴው ሳይሆን የፕሮግራሙ ነውና ወደ ቀጣዩ ደረጃ አይለፉ።

ጥንቃቄ፦ በድንበር ላይ ያሉትን ነጥቦች ለማሰር በሁለቱም ማትሪክሶች ዲያጎናል ላይ 1 የሚያስቀምጥ ፕሮግራም፣ በድንበሩ ነጥቦች ቁጥር ልክ የሚደጋገም «1» የሚል ሐሰተኛ አይገንቫልዩ ይፈጥራል። ይህ ቁጥር ከመጀመሪያው እውነተኛ አይገንቫልዩ በታች ሆኖ ሊቀመጥና ዝርዝሩን በሙሉ ሊያዛባ ይችላል። የታሰሩትን ረድፎችና ዓምዶች ከሁለቱም ማትሪክሶች ማስወገድ ንጹሑ መፍትሔ ነው።

3. የሶልቨሩን ስሕተት ለብቻው ይለኩት።

አይገንቬክተሩን በስቲፍነስ ማትሪክሱ ያባዙት። ከዚህ ላይ በማስ ማትሪክሱ ከዚያም በአይገንቫልዩው የተባዛውን ያንኑ ቬክተር ይቀንሱ፤ የሚተርፈው ቬክተር ቅሪቱ ነው። አይገንቫልዩውንም ከራሱ ከቬክተሩ በሬይሊ ውድር (ስቲፍነስ ማትሪክሱ በሁለት በኩል በቬክተሩ ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ማስ ማትሪክሱ እንዲሁ ሲባዛ ለሚገኘው ሲካፈል) እንደገና ያስሉት።

ማስ ማትሪክሱ ያለበት ችግር ሲሆን የቅሪቱ ተራ ርዝመት በቀጥታ የስሕተት ወሰን አይሆንም። በማስ ማትሪክሱ ተባዝቶ ቅሪቱን የሚሰጠውን ቬክተር ይፈልጉ፤ ይህን ቬክተር ከቅሪቱ ጋር በስኬለር ብዜት ያባዙትና ስኩዌር ሩቱን ይውሰዱ፤ በመጨረሻም በአይገንቬክተሩ የማስ ኖርም (ማስ ማትሪክሱ በሁለት በኩል በቬክተሩ ተባዝቶ የሚገኘው ቁጥር ስኩዌር ሩት) ያካፍሉት። «ቅ» የምለው ይህን ነው። ችግሩ ሲሜትሪክ ከሆነ ከሬይሊ ውድሩ በ«ቅ» ርቀት ውስጥ ቢያንስ አንድ የማትሪክሱ ትክክለኛ አይገንቫልዩ መኖሩ የተረጋገጠ ነው።

ከዚህ እጅግ የጠበቀ ወሰንም አለ። የቅርብ ጎረቤቱ በ«ክ» ርቀት ላይ መሆኑን ካወቁ፣ በካቶና በቴምፕል ወሰን መሠረት ስሕተቱ ከቅ² ÷ ክ አይበልጥም። በክሩ ምሳሌ በመጀመሪያውና በሁለተኛው አይገንቫልዩ መካከል ያለው ክፍተት 3ፓይ²፣ ማለትም 29.6 ገደማ ነው፤ ስለዚህ «ቅ» 10⁻⁵ ብቻ ቢሆን እንኳ የሶልቨሩ ስሕተት ከ3.4 × 10⁻¹² አይበልጥም። ብዙ ሰዎች የማቆሚያ ወሰኑን ያለ አግባብ እያጠበቁ የኮምፒውተር ጊዜ የሚያባክኑት ይህን የስኩዌር ጥቅም ባለማወቅ ነው። የሶልቨሩ ስሕተት ከመረቡ ስሕተት አንድ መቶኛ ሲያንስ ማቆም ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መልፋት መልሱን አያሻሽለውም።

ጥንቃቄ፦ ሶልቨሩ የሚያትመው ቅሪት ብዙ ጊዜ በማትሪክሱ ኖርም የተካፈለ ነው። በፋይናይት ዲፈረንስ የክሩ ማትሪክስ ኖርም 4 ÷ ር² ያህል ስለሆነ፣ ርምጃው 10⁻³ ሲሆን 10⁻¹² ተብሎ የታተመው ቅሪት በእውነቱ 4 × 10⁻⁶ ነው። የሶልቨሩን መመሪያ አንብበው ምን በምን እንደሚካፈል ሳያረጋግጡ ቁጥሩን አይጠቀሙበት።

ቅሪት የሚያረጋግጠው አንድ አይገንቫልዩ በአቅራቢያው መኖሩን እንጂ እርሱ ስንተኛው እንደሆነ አይደለም። ሶልቨሩ አንዱን ዘሎ ማለፉን ለማወቅ በሁለት አይገንቫልዩዎች መካከል አንድ ቁጥር ይምረጡ፤ ያን ቁጥር በማስ ማትሪክሱ አባዝተው ከስቲፍነስ ማትሪክሱ ይቀንሱና ውጤቱን በሲሜትሪክ ፋክተራይዜሽን ይተንትኑት። ከፋክተራይዜሽኑ በሚወጣው የዲያጎናል ማትሪክስ ላይ ያሉት አሉታዊ ቁጥሮች ብዛት ከመረጡት ቁጥር በታች ካሉት አይገንቫልዩዎች ብዛት ጋር እኩል ነው። ብዛቱ ከዝርዝርዎ ጋር ካልተስማማ የጎደለ አለ ማለት ነው።

4. በሦስት መረብ አስልተው የመቃረቡን ፍጥነት ያረጋግጡ።

እውነተኛው መልስ በማይታወቅበት ችግር ስሕተቱን በቀጥታ ማየት አይቻልም፤ በተከታታይ መረቦች ውጤቶች መካከል ያለውን ልዩነት ግን ማየት ይቻላል። የሰፊውንና የመካከለኛውን መረብ ልዩነት በመካከለኛውና በጠባቡ ልዩነት ያካፍሉት። ከላይ ባለው ሠንጠረዥ ከ8፣ ከ16 እና ከ32 ኤለመንት የሚገኙት ልዩነቶች 0.095727 እና 0.023820 ናቸው፤ ውድራቸውም 4.02 ነው። ከ4፣ ከ8 እና ከ16 የሚገኘው ውድር ደግሞ 4.07 ነው። ውድሩ ወደ 4 እየተጠጋ መሄዱ፣ ስሕተቱ በእርግጥ ከርምጃው ስኩዌር ጋር እየሄደ መሆኑን ያሳያል።

የሚጠበቀው ውድር በኤለመንቱ ዲግሪ ይወሰናል። ለስላሳ በሆነ አይገንፈንክሽን ላይ፣ የአይገንቫልዩው ስሕተት የሚቀንስበት ፓወር የዲግሪው እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ለአንደኛ ዲግሪ 4፣ ለሁለተኛ ዲግሪ 16፣ ለሦስተኛ ዲግሪ 64 ይጠብቁ።

የተሰበረ አይገንፈንክሽን ግን ይህን ሁሉ ይለውጠዋል። ሦስት ባለ 1 በ1 ካሬዎችን ገጣጥመው እንደ L ፊደል ያለ የማዕዘን ቅርጽ ያለው ቦታ ይሥሩና በድንበሩ ላይ ሁሉ ፈንክሽኑን ዜሮ ያድርጉት። ወደ ውስጥ የገባው ማዕዘን 270 ዲግሪ ነው። የመጀመሪያው አይገንቫልዩ 9.63972 ሲሆን አይገንፈንክሽኑ በማዕዘኑ አጠገብ ስለሚሰበር በአንደኛ ዲግሪ ኤለመንቶች የሚገኘው ውድር ወደ 2.52 ይወርዳል። ሦስተኛው አይገንቫልዩ ግን በትክክል 2ፓይ²፣ ማለትም 19.7392 ነው፤ አይገንፈንክሽኑም የሁለት ሳይኖች ብዜት ስለሆነ ማዕዘኑ አይነካውም፤ ውድሩም 4 ሆኖ ይቀራል። በአንድ መረብ፣ በአንድ ፕሮግራም፣ በአንድ ጊዜ ስሌት ሁለት የተለያዩ ፍጥነቶች ይታያሉ። ስለዚህ ውድሩን ለእያንዳንዱ አይገንቫልዩ ለየብቻው ያስሉ፤ የአንዱን ፍጥነት ለሌላው አያውርሱ።

ድንበሩ በሁለቱም በኩል ዜሮ ለሆነበት ማዕዘን የሚጠበቀውን ፓወር ለማግኘት 360ን ለማዕዘኑ ዲግሪ ያካፍሉ። ለ270 ዲግሪ አራት ሦስተኛ፣ ለ360 ዲግሪ ስንጥቅ ደግሞ 1 ይሆናል፤ በስንጥቁ ሁኔታ መረቡን በግማሽ ማሳጠር ስሕተቱን በግማሽ ብቻ ይቀንሰዋል። እዚህ ላይ የኤለመንቱን ዲግሪ መጨመር ፓወሩን አያድነውም፤ መረቡን በማዕዘኑ አጠገብ ብቻ ማጥበቅ ግን ያድነዋል። የት መጥበቅ እንዳለበት ለማወቅ በእያንዳንዱ ኤለመንት ውስጥ እኩልታው የሚተወውን ቅሪትና በኤለመንቶች ድንበር ላይ የሚታየውን የዲሪቬቲቭ ዝላይ በኤለመንቱ መጠን እየመዘኑ መደመር የተለመደ መንገድ ነው። ይህ ድምር ጥሩ መሪ ነው፤ በውስጡ ያልታወቀ ቋሚ ቁጥር ስላለ ግን እንደ ስሕተት መጠን ሆኖ ሪፖርት አይደረግም።

5. ልዩነቱን ወደ ስሕተት ግምት ይለውጡ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት መረቦች ልዩነት ይውሰዱና ከውድሩ ላይ 1 ቀንሰው በቀረው ያካፍሉት። በክሩ ምሳሌ 0.023820 በ3 ሲካፈል 0.00794 ይሆናል፤ የጠባቡ መረብ እውነተኛ ስሕተት 0.00793 ነው። ግምቱ ይህን ያህል የሚቀርበው በአራተኛው ደረጃ ውድሩ ስለተረጋገጠ ነው።

ይህን ማረጋገጫ የዘለለ ሰው ምን እንደሚደርስበት በማዕዘኑ ቦታ ይታያል። በዚያ ቦታ ለመጀመሪያው አይገንቫልዩ ትክክለኛው አካፋይ 1.52 ነው። በልማድ በ3 ያካፈለ ሰው ስሕተቱን ከእውነተኛው በግማሽ ያህል አሳንሶ ያቀርባል፤ ቁጥሩም ከውጭ ሲታይ ምንም የሚያስጠረጥር ነገር የለውም። ግምት አንሶ መገኘቱ በዝቶ ከመገኘቱ ይልቅ አደገኛ ስለሆነ፣ ያገኙት ውድር ከሚጠበቀው ጋር ካልተስማማ አራተኛ መረብ ይጨምሩ፤ አሁንም ካልተስማማ ከሁለቱ ትንሹን አካፋይ ይጠቀሙ።

ግምቱን ከጠባቡ መረብ ውጤት ላይ በመቀነስ የተሻለ ቁጥር ማግኘትም ይቻላል። ከ8 እና ከ16 ኤለመንት በዚህ መንገድ 9.869445 ይገኛል፤ የ0.0317 ስሕተት ወደ 0.00016 ወርዷል። ነገር ግን አዲሱ ቁጥር አሁን ከእውነተኛው በታች መሆኑን ልብ ይበሉ። ቁጥሩ ተሻሽሏል፤ ከላይ ነው የሚለው ዋስትና ግን ጠፍቷል።

6. ቁጥርዎ ከእውነተኛው በላይ ይሁን በታች ይወስኑ፤ ከተቻለም በሁለት በኩል ይክበቡት።

በሲሜትሪክ ችግር ላይ የመረቡ ፈንክሽኖች ከትክክለኛው የፈንክሽን ስብስብ ውስጥ የተመረጡ ከሆኑና ኢንተግራሎቹም በትክክል ከተሰሉ፣ እያንዳንዱ አይገንቫልዩ ከእውነተኛው በላይ ይሆናል። ምክንያቱ አይገንቫልዩ ሚኒመም በመፈለግ የሚገኝ ስለሆነና በጠበበ ስብስብ ውስጥ የሚገኝ ሚኒመም በሰፊው ውስጥ ካለው ሊያንስ ስለማይችል ነው። ይህን ዋስትና የሚያፈርሱ ሦስት የተለመዱ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ማስ ማትሪክሱን ወደ ዲያጎናል መሰብሰብ ነው። በክሩ ችግር ላይ ይህን ሲያደርጉ የሚያገኙት ማትሪክስ የፋይናይት ዲፈረንሱ ራሱ ስለሆነ ውጤቱ ከላይ የነበረው ወደ ታች ይገለበጣል። ሁለተኛው ኢንተግራሎቹን ከሚገባው ባነሰ የነጥብ ቁጥር ማስላት ነው። ሦስተኛው የቦታውን ቅርጽ መቀየር ነው፤ ራዲየሱ 1 የሆነው ክብ የመጀመሪያ አይገንቫልዩ 5.7832 ሲሆን በክቡ ውስጥ የተሣለ ፖሊጎን ከዚህ የበለጠ፣ ክቡን ከውጭ የሚከበው ፖሊጎን ደግሞ ያነሰ እውነተኛ አይገንቫልዩ አለው። ከውጭ በሚከበው ፖሊጎን ላይ የቅርጹ ስሕተት ወደ ታች፣ የኤለመንቱ ስሕተት ወደ ላይ ስለሚጎትቱ ሊጠፋፉና መረቡ ሰፊ ሳለ ውጤቱን ያለ አግባብ ጥሩ ሊያስመስሉት ይችላሉ።

የተረጋገጠ የታች ወሰን ካስፈለገዎ፣ ድንበሩ ዜሮ በሆነ ባለ ሁለት ዳይሜንሽን ፖሊጎን ላይ፣ እሴቶቹ በሦስት ማዕዘኖቹ ጎኖች መካከለኛ ነጥብ ላይ የሚያዙትን የክሩዜና የራቪያር ኤለመንቶች ይጠቀሙ። በእነዚህ የተገኘውን «ዋ» ለ(1 + 0.0359 × ዋ × ር²) ያካፍሉት፤ እዚህ «ር» በመረቡ ውስጥ ያለው የረጅሙ ጎን ርዝመት ነው። ለምሳሌ «ዋ» 9.60፣ «ር» ደግሞ 0.05 ቢሆን የታች ወሰኑ 9.5917 ይሆናል። ይህ ወሰን ባልታወቀ ቋሚ ቁጥር ላይ ስለማይመሠረት ከአምስተኛው ደረጃ ግምት የጠነከረ ነው። የሚጠይቀው ማትሪክሱ በጥንቃቄ መፈታቱን ብቻ ነው፤ ሦስተኛውን ደረጃ እዚህ ላይ በድጋሚ ይሥሩት።

7. በአንዱ መረብ ስንት አይገንቫልዩ እንደሚታመን ይወስኑ።

በመቶኛ ሲታይ ስሕተቱ ዋ × ር² ÷ 12 ያህል ስለሆነ ከፍ ያሉት አይገንቫልዩዎች በፍጥነት ይበላሻሉ። በ16 ኤለመንት የክሩ የመጀመሪያ አይገንቫልዩ ስሕተት 0.3 በመቶ ነው፤ የስምንተኛው ግን ከ631.65 ይልቅ 768 ሆኖ ይወጣል፤ ይህም 21.6 በመቶ ነው። የአሥራ አምስተኛውና የመጨረሻው ስሕተት 34 በመቶ ይደርሳል። ሶልቨሩ አሥራ አምስቱንም በአንድ ዓይነት አኃዝ ብዛት ስለሚያትማቸው ልዩነቱ በዓይን አይታይም። ለ1 በመቶ ስሕተት በአንደኛ ዲግሪ ኤለመንቶች አንድ ሙሉ ሞገድ 18 ያህል ኤለመንት እንዲሸፍን ያድርጉ፤ ከዚህ በታች የሆኑትን ከሪፖርትዎ ያውጡ።

8. ተደጋጋሚ አይገንቫልዩዎችንና አይገንቬክተሮችን ለየት አድርገው ይያዙ።

የ1 በ1 ካሬ ሁለተኛ አይገንቫልዩ 5ፓይ²፣ ማለትም 49.348 ሲሆን ሁለት ጊዜ ይደጋገማል። ሲሜትሪ በሌለው መረብ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ተጠጋጊ ቁጥሮች ሆኖ ይወጣል። እነዚህን እንደ ሁለት ነጠላ አይገንቫልዩዎች አድርጎ የካቶና የቴምፕልን ወሰን መጠቀም «ክ»ን ወደ ዜሮ ስለሚያስጠጋው ወሰኑን ዋጋ ቢስ ያደርገዋል። ሁለቱን እንደ አንድ ቡድን ይያዙ፤ «ክ»ን ከቡድኑ እስከ ቀጣዩ የውጭ ጎረቤት ይለኩ፤ በመረቦች መካከል የሚያወዳድሩትም የቡድኑን አማካይ ይሁን። አይገንቬክተሮቹንም አንድ በአንድ አያወዳድሩ፤ በተደጋጋሚ አይገንቫልዩ ውስጥ የእያንዳንዱ ቬክተር አቅጣጫ በዘፈቀደ ስለሚመረጥ የሚወዳደረው ሁለቱ አብረው የሚዘረጉት ንዑስ ስፔስ ነው።

ጥንቃቄ፦ የአይገንቫልዩው ስሕተት በኤነርጂ ኖርም (በዲሪቬቲቩ መጠን) የተለካውን የአይገንፈንክሽን ስሕተት ስኩዌር ያህላል። አይገንቫልዩው እስከ አንድ አሥር ሺህኛ ቢታመን፣ ከአይገንፈንክሽኑ ዲሪቬቲቭ የሚሰላው ውጥረት የሚታመነው እስከ አንድ መቶኛ ብቻ ነው። የአይገንቫልዩን አኃዝ ብዛት ለውጥረት ማውረስ ከባድ ስሕተት ነው።

9. ችግሩ ሲሜትሪክ ካልሆነ የግራውን አይገንቬክተርም (ረድፎቹና ዓምዶቹ የተለዋወጡበትን ማትሪክስ አይገንቬክተር) ያስሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቅሪት ትንሽ ስሕተትን አያረጋግጥም። ዲያጎናሉ ሁሉ ዜሮ የሆነ፣ ከዲያጎናሉ በላይ ያለው መሥመር ግን በ1 የተሞላ 10 በ10 ማትሪክስ ይውሰዱ፤ አይገንቫልዩዎቹ ሁሉ ዜሮ ናቸው። በታችኛው ግራ ጥግ 10⁻¹⁰ ቢያስቀምጡ ሁሉም ከዜሮ 0.1 ርቀው ይሄዳሉ፤ መናወጡ አንድ ቢሊዮን ጊዜ ጎልቷል። ስለዚህ የግራውንና የቀኙን አይገንቬክተሮች ርዝመታቸውን 1 አድርገው በስኬለር ብዜት ያባዟቸው፤ 1ን በውጤቱ ፍጹም ዋጋ ሲያካፍሉ ትንሽ መናወጥ አይገንቫልዩውን ስንት እጥፍ እንደሚያንቀሳቅሰው ያገኛሉ። ይህ ቁጥር ወደ 1 የቀረበ ከሆነ ቅሪቱን ማመን ይቻላል፤ 10⁶ ከሆነ ግን ከቅሪቱ ላይ ስድስት አኃዝ ይቀንሱ። የላይ ወሰን ዋስትናም ስለሌለ ስድስተኛው ደረጃ እዚህ አይሠራም።

10. የማጠጋጊያውን ስሕተት ወለል ይፈትሹና ሪፖርቱን ይጻፉ።

በ64 ቢት ስሌት የማጠጋጊያው ስሕተት 2.2 × 10⁻¹⁶ በማትሪክሱ ኖርም የተባዛውን ያህል ሊደርስ ይችላል። በክሩ ፋይናይት ዲፈረንስ ርምጃው 10⁻⁴ ሲሆን ይህ 8.8 × 10⁻⁸ ነው፤ የመረቡ ስሕተት ደግሞ 8.1 × 10⁻⁸ ነው። ከዚህ በኋላ መረቡን ማጥበቅ መልሱን ሊያባብሰው ይችላል። ተጨማሪ አኃዝ ከፈለጉ መረቡን ሳይሆን የኤለመንቱን ዲግሪ ይጨምሩ። በሪፖርቱ ውስጥ ቁጥሩን ብቻ አይስጡ፤ የመረቡን ግምት፣ የሶልቨሩን ወሰን፣ የተመዘገበውን ውድርና ቁጥሩ በየትኛው በኩል እንደሆነ አብረው ይጻፉ። ለምሳሌ፦ «የመጀመሪያው አይገንቫልዩ 9.8775፤ የመረብ ስሕተት ግምት 0.0079፣ ከላይ፤ የሶልቨር ስሕተት ከ10⁻¹¹ በታች፤ ውድር 4.02፣ የሚጠበቀው 4»።

የተለመዱ ስሕተቶች

• ሁለት መረብ ብቻ ተጠቅሞ «ውጤቱ ብዙ አልተለወጠም» ብሎ መደምደም። ቀስ ብሎ የሚቃረብ ስሌትም ብዙ አይለወጥም፤ ሁለቱን የሚለየው ሦስተኛው መረብ ነው።
• በእያንዳንዱ መረብ ላይ የተለያየ የማቆሚያ ወሰን መጠቀም። የሶልቨሩ ስሕተት ከመረቡ ልዩነት ጋር ይቀላቀልና ውድሩን ያዛባዋል።
• አይገንቫልዩዎቹን በተራ ቁጥራቸው ብቻ ማዛመድ። በሰፊው መረብ አራተኛው የነበረው በጠባቡ አምስተኛ ሊሆን ይችላል፤ ከማወዳደርዎ በፊት የአይገንፈንክሽኖቹን ቅርጽ ይመልከቱ።
• ለኤሌክትሮማግኔቲክ ካቪቲ እሴታቸው በነጥቦች ላይ የሚያዝ ተራ ኤለመንቶችን መጠቀም። በዚህ ችግር ላይ መረቡ ሲጠብብ የማይጠፉ ሐሰተኛ አይገንቫልዩዎች ይወጣሉ፤ እሴታቸው በጎኖች ላይ የሚያዝ የኔዴሌክ ኤለመንቶች ያስፈልጋሉ።
• ጠባቡን መረብ ከሰፊው ጋር በማይዛመድ መንገድ እንደ አዲስ መሥራት። ኤለመንቶቹ የቀደሙት ኤለመንቶች ክፍልፋይ ካልሆኑ አይገንቫልዩው እየቀነሰ ለመሄዱ ዋስትና የለም፤ ውድሩም ያለ ምክንያት ከፍና ዝቅ ይላል።